ሽማግሌዎቹና ጣሪያ ላይ የቀረው ሰውዬ

በእኛ ጊዜ ቴሌቪዥን እንዲህ በየኪሱ ከተው የሚዞሩት ነገር አልነበረም፣ ለአንድ ሰፈር አንድ ነው፣ እሱም ከተገኘ ነው፣ እና የእኛ ሰፈሩ ደግሞ እኔ ቤት ነበር፣ መከራውም የእኔ ነበር። ኧረ ደጀኔ ዝጋው እባክህ! ዝጋው አልኩህ፣ እኔ ስናገር ያ ሰውዬ ከስልክህ ውስጥ አብሮኝ መጮኽ የለበትም። ልጆቹ ይሳቁ? ይሳቁ፣ ማን ከለከላቸው፣ ግን እያሳቅህ ውሸት አታስተምርብኝ። በመጣህ ቁጥር፣ በፋሲካም በእንቁጣጣሽም፣ ያንን ትከፍትና "ልጆች፣ እናታችሁንና እኔን ያጋባን ይኼ ድራማ ነው" ትላለህ። አንቺም ጥሩወርቅ ልጄ፣ አብረሽው ትስቂያለሽ፣ ዓይንሽ እንባ ያቀርራል፣ "ወይኔ የጋሽ መኩሪያ ቤት፣ ወይኔ የድሮው ጊዜ" ትያለሽ። ያጋባችሁ! እሱ ነው ያጋባችሁ! እስቲ ዛሬ ልናገር። አባትሽ ኃይሌም የለ፣ የደጀኔም አባት የሉ፣ የሁለቱንም ነፍስ ይማር፣ ከእንግዲህ ማን ይታዘበኛል።

እናንተ ልጆች ስሙኝ። አያታችሁ ኃይሌ እዚሁ መሐል ሜዳ የባና ነጋዴ ነበር፣ የመንዝ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱን፣ ከሸማኔዎቹ ይገዛና ደብረ ብርሃን ወስዶ ይሸጣል። ታዲያ አንድ ቀን ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ነገር በባና ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል። "ምንድነው?" ስለው "ቀስ በይ! ቀስ በይ! ይሰበራል!" ብቻ ነው የሚለኝ። ሲፈታው ቴሌቪዥን። እኔ እኮ እንዲያመጣልኝ የለመንኩት የውሃ በርሜል ነበር! በርሜል ያልኩት ሰውዬ ቴሌቪዥን ይዞልኝ መጣ፣ እና "ደስ አይልም?" ይለኛል።

እና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር ያ ድራማ የሚመጣው። አንድ ቤተሰብ ነው፣ ጋሽ መኩሪያ የሚባል ቁጡ አባወራ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ አማቱ አለች፣ ልጆች አሉ። ሰውዬው በየሳምንቱ "እኔ ብልጥ ነኝ" ይላል፣ በየሳምንቱ ይዋረዳል፣ በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ታዲያ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። ልጁ መሬት፣ አዋቂው መደብ ላይ፣ የተረፈው በበርና በመስኮት። ኃይሌ ደግሞ ደስታውን አይችለውም፣ "ግቡ! ግቡ! የእናንተው ቤት ነው!" ይላል። የእናንተው ቤት! ጭቃውን የምጠርገው እኔ፣ ቆሎውን የምቆላው እኔ፣ በሰንበት ከቅዳሴ ተመልሼ ጎኔን የማላሳርፍ እኔ፣ ቤቱ የእነሱ!

ታዲያላችሁ ያን ዓመት ጥር ላይ፣ እናታችሁ ጥሩወርቅ፣ አሁን ይቺ አንገቷን የደፋችው፣ ልብስ ስናሰጣ ጠጋ አለችኝና "እማዬ፣ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ። "የማን ሽማግሌ?" "የደጀኔ።" ደጀኔ ያኔ ጤና ረዳት ሆኖ ተመርቋል፣ ምደባው ዓለም ከተማ ደርሶታል፣ መርሐቤቴ፣ ቆላ። አባቱ አቶ ወልደየስ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ተናግረዋል፦ "ሳታገባ ቆላ አትወርድም። የኃይሌን ልጅ ከሰጡህ መልካም፣ ካልሰጡህ ራቤል ከተማ ያለችውን የወዳጄን ልጅ ታገባለህ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።" ጾም ከገባ ሠርግ የለም፣ ከጾም በኋላ ደግሞ ልጁ የለም። ስለዚህ ያለችው ጊዜ ጥርና የካቲት መግቢያ ናት። "ትወጂዋለሽ?" አልኳት። ያው አንድ አንሶላ ሦስት ጊዜ ታሰጣለች። ገባኝ።

አሁን ልጆቹ ሽማግሌ ሲላክ እንዴት እንደሆነ አያውቁም፣ ዘንድሮ በስልክ ነው መሰለኝ የሚጠያየቁት። ስሙ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ቁጭ በሉ ቢባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል፣ እህል ቢቀርብለት አይነካም። ቃሉን ሳይተነፍስ ከተቀመጠና ከቀመሰ ግን እንግዳ ሆነ ማለት ነው፣ የዚያን ቀን መልእክቱ ቀረ፣ በሌላ ቀን እንደገና መምጣት አለበት። የልጅቷ ወገን ደግሞ ቢያውቅም አላወቀም። "ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይ?" ብላ ቀድማ አፏን የከፈተች እናት የልጇን ክብር በገዛ እጇ መሬት ጣለችው። "ልጇ አልፈለግ ብላባት ለመነች" ይባላል፣ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። እንዲህ ነው የእኛ አገር።

እና እሑድ ደረሰ። ለኃይሌ መንገር አልችልም፣ አባት በሽማግሌ አፍ ነው የሚሰማው። "ዛሬ ቴሌቪዥኑን ተወት ብናደርገውስ፣ ራሴን አሞኛል" አልኩት። "እንዴ! ዛሬ? ዛሬ እኮ ጋሽ መኩሪያ ጣሪያ ላይ ይወጣል! ባለፈው መሰላል ሲዋስ አላየሽም?" አለኝ። አላየሁም፣ ሰፌድ ስሰጥ ስቀበል የት አይቼ። "ራስሽን ሻሽ እሰሪው" አለኝ። በቃ፣ ሰፈሩ ገባ፣ ተጀመረ።

ድራማው መሐል ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፣ መምሬ ግርማ ጭራቸውን ይዘው ከፊት፣ አቶ ሸዋንግዛው ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ሦስተኛው አንድ ዝምተኛ ሰው ናቸው፣ ያን ዕለት ከገቡ እስከወጡ ቃል አልተነፈሱም። ደጃፉን አልፈው ደንበኛ ቆሙ።

"ሰላም ለዚህ ቤት!" አሉ መምሬ።

ኃይሌ ዓይኑን እንኳ ሳያዞር "መምሬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ጀምሯል!"

"የለም ኃይሌ፣ የመጣነው ለጉዳይ ነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

እሰይ! አልኩ በሆዴ። እሰይ መምሬ!

"ይሰማል፣ ይሰማል" አለ ኃይሌ፣ "ይኼ ሰውዬ ይውረድና ይሰማል።"

አያችሁልኝ? የልጄ ጉዳይ ሰውዬው እስኪወርድ ተቀጠረ። እና ሰውዬው አይወርድም! ጣሪያ ሊጠግን ወጥቷል፣ አማቱ መሰላሉን የጎረቤት ድመት ላውርድበት ብላ ይዛው ሄዳለች፣ እሱ እላይ ቀርቷል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። መምሬ ትንሽ አዩና "ለምን አይጣራም?" ብለው ጠየቁ። "ሚስቱ እንዳትሰማው ነው መምሬ፣ 'ሥራ ገብቻለሁ' ብሏት ነው" አላቸው አንዱ። "አሃ! ዋሽቷል በለኛ! ታዲያ ይበለዋ!" አሉና ሳቁ። መምሬ ሲስቁ አለቀልኝ አልኩ። አቶ ሸዋንግዛው ደግሞ በዘንጋቸው ላይ ወደፊት ያዘነብላሉ፣ ያዘነብላሉ፣ ልክ ያን ሰውዬ እሳቸው ሊያወርዱት ነው የሚመስለው። አንዱ ቀልቃላ "ኧረ ለሽማግሌ ጠጋ በሉ!" አለ። ተጠጉ። አቶ ሸዋንግዛው መደቡ ላይ ቁጭ። ዝምተኛውም ቁጭ። መምሬ ብቻ ቀሩ፣ እሳቸውም ጥቂት ታገሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጉልበታቸውን ታገሉት፣ እና ቁጭ!

እኔ ምን ላድርግ? ሳልኩ። እንደገና ሳልኩ። "ውሃ ጠጪ" አለኝ ኃይሌ። ሄጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተርኩ፣ "አስካለ፣ ዞር በይ! ገላሽ መስተዋት መሰለሽ እንዴ!" አለኝ በሰው ፊት። የቆሎውን ሰፌድ በእነሱ በኩል አላሳልፍም ብዬ በጓሮ በር ዞሬ ለሌላው ሰጠሁ፣ እንዳይቀምሱ ብዬ እኮ ነው፣ አቶ ሸዋንግዛው እጃቸውን ዘርግተው ከጎረቤታቸው መዳፍ ላይ ቆንጠር አደረጉና ቃሙ። ለመምሬም አካፈሏቸው! ጥሩወርቅ ከጓዳ በር በኩል ታያለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን ታየኛለች፣ እኔ እሷን አያታለሁ፣ ሌላው ሁሉ ያን ሰውዬ ያያል።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? ሰውዬው ሳይወርድ ቴሌቪዥኑ "ይቀጥላል" ብሎ ጻፈ። ቤቱ "ወይኔ!" አለ። መምሬ ተነሡና ባረኩን፣ "ኃይሌ፣ ቤትህ ብሩክ ነው፣ ተጫወትን" አሉና ወጡ። ወጡ! እኔ ተከትዬ እስከ አጥሩ በር ሮጥኩ፣ መናገር አልችልም፣ "መምሬ፣ የረሱት ነገር የለም?" አልኳቸው። ደረታቸውን ዳሰሱ፣ እጃቸውን አዩ። "መስቀሌ ይኸው፣ ጭራዬ ይኸው፣ የለም ልጄ፣ ምንም አልረሳሁ" አሉኝ። ሄዱ። መንገድ ላይ ሲከራከሩ እስከዚህ ይሰማል፣ "በገመድ ቢያስርስ? ባሕር ዛፉን ይዞ ቢወርድስ?" የመጡበት ጉዳይ ትዝ ያላቸው ወንዙ ጋ ሲደርሱ ነው አሉ። ወንዙ ጋ! መመለስ አይቻል፣ ቆሎው በሆዳቸው ነው።

አሁን የሠሩትን ስሙ። ለአቶ ወልደየስ "ቴሌቪዥን ስናይ ረሳነው" ማለት አፈሩ፣ እና "ዘመድ እናማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብለዋል" አሏቸው። ዋሹ! ጋሽ መኩሪያን ዋሽቷል ይበለው ያሉት መምሬ ራሳቸው ዋሹ። የልጁ አባት አመኑ፣ የዚህ አገር አባት ወትሮም ለመጀመሪያው ቀን የሚመልሰው ይኼንኑ ነው። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ቃል የሰማ የለም።

በሳምንቱ መጡ። መች ቢመጡ ጥሩ ነው? ያችኑ ሰዓት! ቅዳሜ አለ፣ እሑድ ጠዋት አለ፣ ግን ያ ሰውዬ መውረድ አለመውረዱን ሳያዩ የማንንም ልጅ አያጋቡም። በርግጥ በዚህኛው አልተቀመጡም፣ ልምድ ወስደዋል፣ ቆሎም አልነኩም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ግንድ ቆመው አዩ። ሰውዬው ወረደ፣ አለቀ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ኃይሌ፣ እንግዲህ የመጣንበት..." ብለው ዘወር ሲሉ ቤቱ ጢም ብሏል። አርባ ሰው! ማን ይወጣል? ሁሉም ተቀምጦ ጣሪያውን ያወራል። የሰው ልጅ በአርባ ሰው ፊት አይጠየቅም። "ምን አሉ መምሬ?" አለ ኃይሌ። "አይ... ደግ ነው፣ ደግ ነው" አሉና ወጡ። አባትየውን አሁንም "ገና እያማከሩ ነው" አሏቸው።

አቶ ወልደየስ ተቆጡ፣ ሰው ናቸው እኮ። "ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለት ጊዜ ዘመድ ይማከራል? ኃይሌ ቴሌቪዥን ገዛሁ ብሎ ኮራብኝ? በቃ!" አሉና ራቤል ሰው ላኩ። አንተም ደጀኔ ይኸን ጊዜ ምን አደረግህ? ምንም! "አባቴ እንዳለ" ብለህ ሻንጣህን ስታስር ነበር፣ አትሳቅ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥሩወርቅ እህል ተወች። ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ አትናገርም። ኃይሌ "ይቺ ልጅ ምን ሆናለች፣ ድራማውንም ማየት ትታለች" ይለኛል። ድራማውንም! ያን ቀን ያን ዕቃ በመጥረቢያ ልፈልጠው ምን ቀረኝ።

ገበያ ቀን የመምሬ ግርማን ሚስት ጨው ተራ አገኘኋት። ጎተት አደረገችኝና "እትዬ አስካለ፣ ነገሩን ብደብቅሽ ኩነኔ ይሆንብኛል" ብላ ሁሉን ነገረችኝ፣ ወንዙን፣ ውሸቱን፣ የራቤሏን ልጅ። "ሐሙስ ራቤል ይሄዳሉ" አለችኝ። ያ ቀን ማክሰኞ ነው። እኔ እዚያው ጨው ተራ ቆሜ አሰብኩ። ለኃይሌ ብነግረው "እኔ ነኝ ሄጄ ልጄን ውሰዱልኝ የምለው?" ይላል፣ እውነቱን ነው። መምሬን ባጋልጣቸው ካህን ናቸው፣ ከእንግዲህ ማን ንስሐ ይነግራቸዋል። ዝም ብል ልጄ ናት።

እና ዝም አላልኩም። በማግሥቱ ለኃይሌ "በሽተኛ ልጠይቅ" አልኩት። እሱ እንኳ ውሸት አይደለም፣ በሽተኛዋ እቤት ናት። ወንዙን ወደ ማዶ ተሻገርኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። አቶ ወልደየስ አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ። ሴት አውድማ አትረግጥም፣ ዳሩ ላይ ቆምኩ። ከካቡ አንድ ድንጋይ አነሣሁና ጫንቃዬ ላይ አደረግሁት፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠብቄ አጎንብሼ ቆምኩ። ልጆች፣ ድንጋይ መሸከም ማለት እኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ነው። ነፍስ ያጠፋ፣ ድንበር የገፋ። እኔ ምን አጠፋሁ? ቆሎ ቆላሁ!

አቶ ወልደየስ መንሻቸውን ጣሉ። "ማናት? እትዬ አስካለ? ኧረ በማርያም! ምን ሆነው ነው?"

"በድዬዎታለሁ ጋሽ ወልዴ፣ ይቅርታ ልለምን መጣሁ" አልኩ። "ሽማግሌዎችዎ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጡ፣ ሁለት ጊዜ መናገሪያ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ቤቱን ሰው ሞላሁት፣ ሳይናገሩ አስቀመጥኳቸው። ኃይሌ ቃሉን አልሰማም፣ ዘመድም አላማከረም። መምሬ ለእኔ ክብር ብለው ነው የሸፈኑኝ።"

በሬዎቹ ይዞራሉ። እኔ መሬቱን ብቻ ነው የማየው።

"ታዲያ አሁን ምን ይሻሉ?" አሉኝ።

ይኼን ነበር የፈራሁት። ልመናውን በአፌ ሊያናግሩኝ ነው። እና ተናገርኩት። "ልጄ ልጅዎን ትወዳለች። ራቤል ከመሄድዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይላኩብን" አልኩ። አልኩት እኮ። ከእናቴ ከአያቴ ወገን ይቺን ቃል የተናገረች ሴት የለችም። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ በንዴት ነው እንጂ በሌላ አይደለም፣ ድንጋይ ተሸክሜ እንባዬን መጥረግ አልችል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

እሳቸው መጡና በሁለት እጃቸው አነሡልኝ። "ነጋ ጧት እልካለሁ፣ ለራቤሉም ወዳጄ ራሴ ይቅርታ እላለሁ" አሉ። "ይኼን ነገር ከእኔና ከእርስዎ ሌላ የሰማ የለም፣ እነዚህ በሬዎች ናቸው፣ እነሱም አይናገሩም።" ከዚያ ትንሽ አሰቡና "እሑድ ግን አልልክም" አሉኝ። እስኪሞቱ አልተናገሩብኝም፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።

ሐሙስ በጠዋት መጡ። ቴሌቪዥኑ በዳንቴሉ እንደተሸፈነ ነው። ቆሙ፣ ተናገሩ፣ ምን ችግር አለው፣ አፍ አላቸው ለካ! ኃይሌ በደንቡ መሠረት "እንግዲህ ዘመድ ላማክር..." ብሎ ሲጀምር ከኋላው ጎኑን ቆነጠጥኩት። "ዘመዱ እኔ ነኝ፣ ተማክሬያለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ጣሉ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተሠረገ።

ታዲያ በሠርጉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መምሬ ጠላ ቀማመሱና ተነሥተው ያን የጣሪያ ነገር አወሩት! እንዴት እንደተቀመጡ፣ እንዴት እንደረሱ፣ ውሸታቸውን ብቻ ዘለው። ዳሱ በሳቅ ሞተ። "እግዚአብሔር እኮ በቴሌቪዥንም ይሠራል፣ ያ ሰውዬ ባይወጣ ይቺ ልጅ አትወርድም ነበር" አሉ። ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁት፣ ግን ተጨበጨበ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቃ፣ ያጋባቸው ድራማው ነው። ሰፈሩ እንዲያ አለ፣ እናንተ እንዲያ አላችሁ፣ ልጆቻችሁም እንዲያ ሊሉ ነው። ያ ዕቃ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፣ ድራማው ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬ ደግሞ ሙዚቃው ከስልክ ሲወጣ ትልልቅ ሰዎች እያለቀሳችሁ "የዛሬ ድራማ ምን ድራማ ነው፣ ድሮ ነበር እንጂ!" ድሮማ እኔ ነበርኩ! ባለፈው ፋሲካ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ከነአማቱ። እውነቴን ልንገራችሁ? ያን ያህልም አያስቅም።

ምን ሆናችሁ? እናንተ ልጆች እናታችሁን ተዉዋት፣ ሂዱ ውጡ ተጫወቱ። ደጀኔ አንተ ተነሥ፣ ጉልበቴን ልቀቅ፣ አማት ጉልበት ላይ መውደቅ ደግሞ የት አገር አየህ። ተነሥ ልጄ። ያለፈ ነገር ነው፣ እናንተ አናደዳችሁኝ እንጂ እኔ ልናገረውም አልነበር። ሞቼ አብሮኝ ሊቀበር ነበር።

"እማዬ፣" አለች ጥሩወርቅ፣ "ድንጋዩ ከብዶሽ ነበር?"

ኧረ ምን ይከብዳል፣ የካብ ድንጋይ... ከብዶኝ ነበር ልጄ። በጣም ከብዶኝ ነበር።